ውሻችን ሞተ፣ ድመታችን ጠፋች፦ ለወሎ ቤተሰብ የሚሆን መመሪያ

ወሎ ላይ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ ጠያቂ የለውም። ቅሬው (ዕድሩ) ይጠራል፣ ጎረምሳው ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ሴቶቹ እንጀራውንና ቡናውን ይከፋፈላሉ። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይቆፍራል። የሐዘንተኛው ሥራ ማልቀስ ብቻ ነው። አሥር ዓመት በር የጠበቀ ውሻ ሲሞት ግን ቅሬ አይጠራም፣ ድንኳን አይተከልም፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ የሚገባም የለም። በድኑ የት ይግባ ከሚለው ጀምሮ ለልጆቹ ምን ይባል እስከሚለው ድረስ ሁሉም በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሐዘኑ ከሚገባው በላይ የሚከብደውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ሥርዓት የለውም። ስለዚህ ትንሽ ሥርዓት ራሳችሁ ማበጀት ይኖርባችኋል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚያ ይረዳችኋል።

መጀመሪያ፦ ምን ገደለው?

ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን ማንሳት ይከብዳል፣ ግን ከእንባው መቅደም ያለበት እሱ ነው።

ውሻው ወይም ድመቷ ከመሞታቸው በፊት ባሕርያቸው ተለውጦ ከነበረ አስቡበት። ያለ ምክንያት መናከስ፣ ለሃጭ ማዝረክረክ፣ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መለወጥ፣ ጨለማ ፈልጎ መደበቅ፣ የኋላ እግር መክዳት የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከነበረ በድኑን በባዶ እጅ አትንኩ፣ አፉ አካባቢ በፍጹም። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ስለ ክትባቱ ይነጋገር። በሽታው በሰው ላይ አንዴ ምልክት ካሳየ የሚያድነው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። «ሳምንት አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ወሬ ለዚህ በሽታ አይሠራም። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላችሁም፤ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ግን ክትባቱን አይተካም።

ጥርጣሬ ካለ ከመቅበራችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ናሙና ስለሆነ ከተቀበረ በኋላ ነገሩ ይበላሻል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ገጠር ከሆናችሁ የወረዳው ወይም የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዴት እንደሚላክ ይነግራችኋል። ራሳችሁ ቢላ እንዳታነሱ።

የሞተው በግ፣ ፍየል ወይም በሬ ከሆነ የሚፈራው ሌላ ነው፦ አባ ሰንጋ። ትናንት ደህና የነበረ ከብት በድንገት ወድቆ፣ ሆዱ ቶሎ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ አትግፈፉት፣ አትቅደዱት፣ ሥጋውን ለማንም አትስጡ። ሆዱ ሲቀደድ ጀርሙ አፈር ላይ ይቀርና ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ቆዳውን ማጣት ያንገበግባል፣ ይገባኛል፤ ቢሆንም ባለሙያ ጥሩ።

ሦስተኛው መርዝ ነው። ለባለቤት አልባ ውሾች ወይም ለጅብ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ የሰው ውሻ ይበላል። እየተንቀጠቀጠና እየተገተረ በሰዓታት ውስጥ ከሞተ ትውከቱን በአፈር ሸፍኑ፣ ሌላ እንስሳ እንዳይቀርበው፤ ውሻ ላላቸው ጎረቤቶቻችሁም ንገሩ።

ቀጥሎ፦ መቅበር

በድኑን ቦርከና ወንዝ ዳር ወይም ገደል አፋፍ መጣል ለብዙ ሰው የተለመደ ነው። አይሁን እላለሁ፣ በሁለት ምክንያት። ወንዙን ከታች ያለ ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ደግሞ ልጅ ወዳጁ ቆሻሻ ላይ ሲጣል ካየ ያን ትልቅ ሆኖም አይረሳውም። ደጋ ላይ፣ በተለይ ደላንታ፣ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት አካባቢ ላላችሁ ሦስተኛ ምክንያት ልጨምር፦ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ደግሞ 500 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

በድኑን በአሮጌ ነጠላ፣ በጋቢ ወይም በጆንያ ጠቅልሉት። ፌስታልና ላስቲክ ስለማይበሰብስ አይሁን። ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ቦታው ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ 30 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ጎርፍ የሚወርድበትም አይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ሳታስፈቅዱ ግቢ እንዳትቆፍሩ፤ ካልፈቀዱ ገጠር ያለ ዘመድ መሬት ወይም የከተማው ጽዳት ሠራተኞች የሚያመለክቷችሁ ቦታ ይሻላል።

ጥልቀቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ከሆነ ክንድ ሳትቆፍሩ ቋጥኝ ይገጥማችኋልና በጊዜ ጀምሩ፤ ማታ በባትሪ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁልጊዜ ያጥራል። በድኑ ከገባ በኋላ አፈሩን በአንዴ አትሙሉት። ጥቂት ጨምራችሁ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉ፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየገጣጠማችሁ ደርድሩበት፣ ቀሪውን አፈር መልሱና ከላይ የግራር ወይም የቀጋ እሾህ ከምሩበት፣ በእሾሁ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ከባድ ድንጋይ። ይህ ሁሉ ለጅብ ነው። አንድ ክንድ የተቀበረን ነገር ጅብ በሌሊት አውጥቶ ይበትነዋል፣ ጠዋት በሩን የምትከፍተው ደግሞ ትንሿ ልጃችሁ ትሆናለች።

ሲቀበር የቤቱ ሰው ሁሉ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ያልፈለገ ግን አይገደድ። ፍትሐትም ሰላተል ጀናዛም ለእንስሳ የለም፤ ለመፍጠርም አትሞክሩ። አፈር መጨመር፣ «ቤታችንን ጠብቀህልናል፣ እናመሰግናለን» ማለት፣ አበባ ማስቀመጥ ይበቃል።

ለልጆች ምን ይባል?

በኛ አገር የተለመደው መልስ «ገጠር ሄደ» ነው። «ለአያትህ ልከነዋል» የሚልም አለ። ችግሩ ልጁ አያቱ ጋ ለበዓል ሲሄድ ውሻውን ይፈልጋል። «ተኝቷል» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ ልጁ ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑ ቶሎ አይገባቸውም፣ ደጋግመው «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። ሳትሰለቹ ያንኑ አጭር መልስ ስጡ፦ «ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል። አያመውም፣ አይርበውም፣ ግን አይመለስም።»

ጎረቤት ሲያጽናና የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ «አብሽሩ፣ የናንተን ክፉ ይዞላችሁ ሄደ»። ለትልቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ማጽናኛ ነው፤ እኔ ራሴ እወዳታለሁ። ልጅ ሲሰማት ግን ሌላ ስሌት ይሠራል፦ መሞት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ውሻዬ በኔ ምክንያት ሞተ። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ካያችሁ በጓዳ ጠርታችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚወጣው። የሞተው በበሽታ መሆኑን፣ ማንም በማንም ምትክ እንዳልሞተ በግልጽ ንገሩት።

ለዚህ ወሬ የሚመቸው ሰዓት ቡና የሚፈላበት ነው። ድመቷ አቦል ሲቀዳ ረከቦቱ አጠገብ ቄጠማው ላይ መጥታ የምትጠቀለል ከነበረች፣ ክፍተቱ የሚታየው ያኔ ነውና ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ አይሁን። አንዱ ስሟን ይጥራ። «ትዝ ይላችኋል፣ የእጣኑ ጭስ ሲመጣባት ስታነጥስ?» ሲባል አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ ቶና ሲደርስ ሌላ ወሬ ይመጣል። በረካን ሳይጠብቅ ተነስቶ የሚወጣ ልጅ ካለ ተዉት፣ በኋላ ይመለሳል።

የአረፋና የፋሲካ በግ

ውሻና ድመት ብቻ አይደለም የሚለቀሰው። እናቱ የሞተችበትን ግልገል በጡጦ ወተት አጠጥቶ ያሳደገ ልጅ፣ ያ ግልገል ሙክት ሆኖ ለበዓል ሲታረድ የሚደርስበት ሐዘን ከማንኛውም የቤት እንስሳ ሐዘን ይለያል፤ የገደለው በሽታ ሳይሆን የገዛ አባቱ ነውና። በየዓመቱ በየቤቱ ይሆናል፣ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው።

በጉ ለእርድ የተያዘ ከሆነ ከመጀመሪያው ይነገር። ልጁ ስም ሊያወጣለት ሲጀምር ያን ቀን ንገሩት፣ በዋዜማው አይደለም። የሚቻል ከሆነ ያሳደገውን በግ በሌላ መለወጥ ወይም ገበያ ወስዶ በዋጋው ሌላ መግዛት ትችላላችሁ፤ ብዙ አባቶች ለልጃቸው ሳይናገሩ የሚያደርጉት ነገር ነው፣ ነውር የለውም። መለወጥ ካልተቻለ ልጁ ሲታረድ ቆሞ እንዲያይ፣ ሥጋውንም «ብላ፣ ወንድ አይደለህ?» እየተባለ እንዲጎርስ አይገደድ። ሽሮም ቤት ውስጥ አለ። ከበዓሉ በኋላ ዝም አትበሉት፤ በጉ ምን እንደነበረ፣ ሥጋው ለማን ለማን እንደተካፈለ ንገሩት። ለጎረቤትና ለድኃ የሚሄደውን ድርሻ ራሱ እንዲያደርስ ብትልኩት ጥሩ ነው፤ ብዙ ልጅ ከዚያ በኋላ ቀለል ይለዋል።

«ለውሻ ነው የምታለቅሱት?»

ይህ ቃል ይመጣል፣ ተዘጋጁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ዶካ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኅብረተሰቡ እውቅና የማይሰጠውን ሐዘን ለይቶ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ የእንስሳ ሐዘን ከዚያ ውስጥ ነው። ሐዘኑ የሚበረታው ከሞቱ ይልቅ መደበቅ ስለሚጠይቅ ነው።

ከትልልቆች ሲመጣ ግን ቶሎ አትቆጡ። ወሎ ላይ የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያዩ ሰዎች አሉ። ልጅ የቀበሩ፣ የሚያርሱበትን በሬ በጥቂት ቁና እህል የሸጡ ናቸው። ለድመት ሲለቀስ ማየት ቢያስቆጣቸው አይፈረድባቸውም። ከመከራከር ይልቅ ጠይቋቸው፦ «አባባ፣ የርስዎ በሬ ስሙ ማን ነበር?» ዳልቻ ይሏችኋል፣ ወይኖ ይሏችኋል፣ ቦራ ይሏችኋል፤ የትኛው ቀንዱ እንደተሰበረ፣ ለማን እንደተሸጠ፣ ገበያው ላይ ሲለያዩ ዞሮ እንዴት እንዳያቸው ይነግሯችኋል። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻችሁ የሚናገሩ አይመስለኝም።

ነገሩን በሃይማኖት የሚያነሳም አለ። ሙስሊም ቤት ውስጥ ውሻ ከግቢ አልፎ ስለማይገባ «ደግሞ ለሱ!» መባሉ አይቀርም። ሆኖም ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ፣ ለአደንም ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ ነው። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱም በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። በቁርኣን ሱረቱል ከህፍም የዋሻው ሰዎች ውሻ ደጃፉ ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ ተኝቷል። ድመት ደግሞ ነጃሳ አይደለችም፣ በመካከላችሁ ከሚዞሩት ናት ተብሏል። በክርስቲያኑ በኩል በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይከተላል። ስለ ሥርዓቱ ዝርዝር ሸኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ማዘን ግን የትኛውም ቤት አልተከለከለም።

ማታ ማታ

በጣም የሚከብደው ሐዘኑ ራሱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እራት ተበልቶ የእንጀራው ፍርፋሪ ተሰብስቦ በር ሲከፈት፣ እጅ በልማድ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ለፍርፋሪው ቦታ ፈልጉለት፤ ለጎረቤት ዶሮ ይሰጥ፣ ለሌላ ውሻ ይውጣ፣ ብቻ እንደቀድሞው በዚያው ሰዓት በዚያው ደጃፍ አይደፋ። የሚበላበትን ሳህንና ሰንሰለቱን ወዲያው አትጣሉ፣ እዚያው ደጅ ላይም አይቅሩ። ለጊዜው ዓይን ከማያርፍበት ጓዳ አስገቡት። የሞተው በተላላፊ በሽታ ከሆነ ግን ጨርቁን አቃጥሉ፣ ዕቃውን በበረኪና እጠቡ።

ውሻው ዘበኛም ስለነበር ሌሊቱ ይለወጣል። ኮሽ ባለ ቁጥር የሚነቃ ሰው ሐዘን ይሁን ፍርሃት አይለየውም። ቁልፉን አጠንክሩ፣ የበረንዳውን መብራት አስተካክሉ፣ ለጎረቤት «ውሻችን ሞቷል፣ ጆሯችሁ እኛም ጋ ይሁን» በሉ። ቤት የቀረ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ካለ ቀናት ያህል ሊፈልግ፣ ምግብ ሊቀንስ፣ በር ላይ ሊተኛ ይችላል፤ የምግብ ሰዓቱን አትለውጡበት። ሁለት ቀን ጨርሶ ካልበላ ሐኪም ይየው፤ ያው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ብቻቸውን ለሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። እማማ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከድመቷ ጋር ብቻ ከነበረ፣ ድመቷ ስትሞት ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው። ሰው ሲሞት እንደሚደረገው እንጀራ ይዛችሁ ግቡ፣ ቡና አፍሉ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከቀረ፣ ሥራ ካስተወ፣ ወይም ሰውየው መኖር ስለመሰልቸት ካወራ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።

«ምነው ባደረግኩ ኖሮ»

ባስከተብኩት ኖሮ፣ በሩን ባልከፈትኩ፣ ገንዘቡን ባልሰሰትኩ። ይህ ሐሳብ ብቻውን ሲሆን አይቆምም፤ ስለዚህ ወደ ጥያቄ ለውጡትና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሐኪሙ ጋ ሄዳችሁ «ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ባመጣው ይድን ነበር?» በሉት። መልሱ «አዎ» ቢሆን እንኳ የምታዝኑት በአንድ ነገር ላይ ይሆናል፣ በመቶ ነገር ላይ አይደለም። ያኔ የምታውቁትንና ከሞተ በኋላ ያወቃችሁትን ለዩ። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባላል፤ የሞተ ውሻም እንዲሁ ነው። ዶሮ እንደበላ፣ ፖስተኛውን እንዳባረረም አስታውሱ፣ ሐዘኑ ወደ ልኩ ይመለሳል።

በጣም ታሞ የሚሰቃይ እንስሳ ያላችሁ፣ ሐኪሙ ያለ ስቃይ የሚያሳርፍበት መድኃኒት እንዳለውና እንዴት እንደሚያደርገው አስቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ በሚያደነዝዝ መርፌ ማስተኛት ነው ደንቡ። በድንጋይ ወይም በገመድ «መገላገል» ለእንስሳው ምንም እረፍት የለውም፣ ያደረገው ሰው ላይም ይቀራል።

የት እንደገባ ካልታወቀ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ጥለው የወጡ ብዙ ቤተሰቦች ውሻቸውን ፈትተው፣ ድመታቸውን በር ገርበብ አድርገው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ያልነበሩት ዛሬም አልተቀበሩም። እንዲህ ያለው ሐዘን መጨረሻ ስለሌለው መጨረሻውን የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው፦ ፎቶው ከስልክ ይታተም፣ በአንድ ቀን ቡና ተፈልቶ «ከዛሬ ጀምሮ አንጠብቅም» ይባል። ፈትተው የለቀቁት በር ዘግተው ካስቀሩት የተሻለ ዕድል ሰጥተውታል፤ ይህን ላደረገው ሰው ደግማችሁ ንገሩት።

የጠፋው በቅርቡ ከሆነ ግን ገና አትቀበሉ። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ብዙ አትርቅም። ሌሊት ጸጥ ሲል ጠሯት፣ የጎረቤት ኩሽና፣ መጋዘንና ጣሪያ ሥር አስፈትሹ።

ሌላ ይምጣ ወይ?

«ይተካላችሁ» የሚለው ምርቃት ደግ ነው፣ በማግስቱ ቡችላ ይዞ መምጣት ግን ለብዙ ቤት ይፈጥናል። ልጆቹን ጠይቁ፤ አንዱ «አይ» ካለ ቆዩ። የቀድሞውን ስም ለአዲሱ አትስጡ።

የሞተው ቡችላ ደም እያስቀመጠውና እያስመለሰው ከነበረ፣ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ግቢው አፈር ላይ ወራት አልፎ ዓመትም ሊቆይ ስለሚችል፣ ያልተከተበ ቡችላ እዚያው ማስገባት ሁለተኛ ሐዘን መግዛት ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጠዋል። ቡችላውን ከመቀበላችሁ በፊት ሐኪሙን ክትባቱ እጁ ላይ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ መቼ እንደሚገባ ይንገራችሁ፣ ቡችላውም እስከዚያ ከእናቱ ጋር ይቆይ።